የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ለምን ጊዜ ይወስዳል?

ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. በምዕራብ አውስትራሊያ በሮትነስት ደሴት፣ ሰባት ሰዎችን የያዘ ሴስና 208 አውሮፕላን ከባሕር ላይ በመነሳት ላይ ሳለ ተከስክሶ አብራሪውን ጨምሮ የሦስት ሰዎች ሕይወት አልፏል። በዕለቱ ብርቱ ንፋስ ይነፍስ ስለነበር የአደጋውን መንስኤ በቀጥታ ለንፋሱ መስጠት የሚቀል ይመስላል። ይሁንና የንፋስ መኖር ብቻውን ለመንስኤው ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

በውኃ ላይ የሚያርፍ አነስተኛ አውሮፕላን የተዘጋጀ መንደርደሪያ የለውም፤ አቅጣጫውን የሚመርጠው አብራሪው ንፋሱንና ማዕበሉን አይቶ ነው። ድንገተኛ ንፋስ አንዱን ክንፍ ሊያነሳ፣ ንፋሱ በድንገት ሲላላም አውሮፕላኑን የሚሸከመው ኃይል ሊቀንስ ይችላል። በመሆኑም መርማሪዎች ከአየር ሁኔታው ጎን ለጎን የሞተሩን ደኅንነት፣ የጭነቱን ክብደት፣ የአብራሪውን ልምድ፣ ስብርባሪውንና የዓይን ምስክሮችን ቃል ይመረምራሉ።

ጥንቃቄው አስፈላጊ ስለመሆኑ ታኅሣሥ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ከሲድኒ በስተሰሜን የደረሰው አደጋ ማሳያ ነው። ስድስት ሰዎች የሞቱበት ይህ አውሮፕላን በኮረብታዎች በተከበበ የውኃ ሰርጥ ውስጥ በጠባቡ ሲዞር ነበር የወደቀው። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ በተደረገ ተጨማሪ የደም ምርመራ ግን አብራሪው በካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዙ ታወቀ። ጋዙ ወደ መንገደኞች ክፍል የገባው በጭስ ማውጫው ስንጥቅና ብሎኖች በጎደሉበት ክፍተት እንደነበር የመጨረሻው ሪፖርት አመልክቷል። ምርመራው በችኮላ ቢዘጋ ኖሮ ይህ አደጋ ሌሎች አውሮፕላኖችን እንዳሰጋ ይቀር ነበር።

ኢትዮጵያም የምትከተለው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 13ኛ አባሪ የምርመራው ዓላማ ተመሳሳይ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛን መለየት አለመሆኑን ይደነግጋል። የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት በ30 ቀናት ውስጥ፣ የመጨረሻው ደግሞ ቢቻል በ12 ወራት ውስጥ ይዘጋጃል፤ ካልተቻለ አደጋው በደረሰበት ዕለት በየዓመቱ የሂደት መግለጫ ይወጣል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ያለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት በዚያው ወር ሲወጣ፣ የመጨረሻው ይፋ የሆነው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነበር።

ከዚህ በመነሳት የተጎጂ ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። የካሳ ጥያቄ ከቴክኒክ ምርመራው የተለየ ሂደት ነው። ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት የ1999 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት፣ በዓለም አቀፍ በረራ ለደረሰ ጉዳት በአጓጓዡ ላይ የሚቀርብ ክስ አውሮፕላኑ መድረስ ከነበረበት ቀን አንስቶ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ቀሪ ይሆናል። ምርመራው ከዚህ ጊዜ በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ ቤተሰቦች የመጨረሻውን ሪፖርት ሳይጠብቁ ማስረጃቸውን ማሰባሰብና የሕግ ምክር በወቅቱ ማግኘት ይኖርባቸዋል።