የትንሹ ሽጉጥ ትልቅ ወጪ

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ ገበያ በልብስ ሥር ተሸሽገው የሚያዙ ትናንሽ ሽጉጦች ብርቱ ፉክክር ይታይባቸዋል። ለዚህ አንዱ መነሻ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ አዲስ ካዝና ለሲቪል ገዢ እንዳይሸጥ ከለከለ። 10 ጥይት ለመያዝ ደግሞ ትልቅ ሽጉጥ መታጠቅ አያስፈልግም። በ1995 ለገበያ የቀረበው ባለ 10 ጥይቱ ግሎክ 26 ከዚህ ሂሳብ ጋር የሚስማማ ነበር። ሕጉ በ2004 ጊዜው ቢያበቃም ሽጉጥ ማሳነሱ አልቆመም። ሲግ ሳወር በ2018 ያቀረበው ፒ365 ያንኑ 10 ጥይት ይበልጥ በቀጠነ አካል ውስጥ አስገባ። በ2022 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኒውዮርክ ለፈቃድ ጠያቂዎች ታስቀምጥ የነበረውን የልዩ ምክንያት ግዴታ በመሻሩ ለገዢው ተጨማሪ በር ተከፈተ።

ይሁን እንጂ ገዢው በሽጉጡ ትንሽነትና በጥይቱ ቁጥር ብቻ መማለሉ ስህተት ነው። ያው ጥይት ከቀላል ሽጉጥ ሲተኮስ ግፊቱ በእጅ ላይ ይበረታል። አጭር እጀታም ለትንሿ ጣት ቦታ ይነፍጋል። ይህ ኢላማ ያስታል፤ የሳተ ጥይት ደግሞ በከተማ መካከል የሚያርፍበት አያጣም።

ስለዚህ አስተዋይ ሸማች ከመግዛቱ በፊት ተኩሶ ይሞክራል። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማህደር፣ የልምምድ ጥይትና በቤት ውስጥ የሚቆለፍ ሣጥን በዋጋው ላይ ይደምራል። ለእነዚህ የሚበቃ ገንዘብ የሌለው ሰው፣ የሽጉጡን ዋጋ ቢይዝም ለግዢው ገና አልደረሰም።