ፓምፑ ምን አደረገ?

ባለፈው ወር ከመገናኛ ወደ ጦር ኃይሎች ራይድ ይዤ ስሄድ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ይለበልባል፣ መንገዱ ቆሟል። አሮጌዋን ቪትዝ የሚነዱት አባት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ይመስላሉ። ትንሽ እንደሄድን መስኮቶቹን በሙሉ ዝቅ አድርገው የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ ጥጉ ከፈቱት።

"ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት ማሞቂያ?" አልኳቸው።

"ይቅርታ ልጄ። ሙቀቱን እኔና አንተ ካልተካፈልናት ቴስታታዋ ትቃጠላለች።"

ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በአንድ ዓመት ውስጥ የውሃ ፓምፕ ሁለት ጊዜ አስቀይረዋል። ቴርሞስታቱም ወጥቶ ተጥሏል። መኪናዋ ግን አሁንም ትሞቃለች። አሁን ደግሞ ጋራዡ አዲስ ሐሳብ አምጥቶላቸዋል፦ በቺንጋ የሚዞረውን ፓምፕ ትቶ በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ መግጠም። ዋጋው እሳቸው በወር ከሚተርፋቸው ይበልጣል። "ዕቁቤ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል። ላስገጥመው ይሆን?" ብለው ጠየቁኝ።

እኔ ጋዜጠኛ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ባለሙያ ጠየቅሁ፣ አነበብኩ። የደረስኩበት መልስ አጭር ነው፦ አያስገጥሙ። ቢያንስ መኪናዋ ለምን እንደምትሞቅ ሳይታወቅ አያስገጥሙ። ምክንያቱን ልዘርዝር፤ ጉዳዩ ከአንዲት ቪትዝ ያልፋልና።

▪️ ፓምፑ ሥራው ምንድን ነው?

ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት ሲሶ የሚጠጋው ሙቀት ሆኖ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ፓምፑ ያንን ውሃ ከሞተር ወደ ራዲያተር፣ ከራዲያተር ወደ ሞተር ያመላልሳል። በቃ። ያጓጉዛል እንጂ አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ራዲያተሩና በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ነው።

የተለመደው ፓምፕ ከሞተሩ ጋር በቺንጋ ስለታሰረ ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲዘገይ ይዘገያል። ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው። ጠዋት ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ያለ ጥቅም ይዞራል። በከፍተኛ ፍጥነት ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበት ይበላል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት እሱም ይቆማል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ እነዚህን ሦስቱንም ያስተካክላል። ለዚህ ነው ቢኤምደብሊው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ቶዮታም ከ2009 ወዲህ ባሉት ፕሪየሶቹ ላይ የገጠመው። ለሌላ መኪና የሚሸጡም አሉ። የአውስትራሊያው ዴቪስ ክሬግ በደቂቃ 80፣ 115 እና 150 ሊትር የሚገፉ ፓምፖች ያመርታል፤ የውድድር መኪና የሚሠሩ ሰዎች ይወዷቸዋል።

ስለዚህ ዕቃው ውሸት አይደለም። ክርክሬ ከዕቃው ጋር አይደለም። ክርክሬ "ፓምፑ ነው" ከሚለው ፍርድ ጋር ነው።

▪️ ሙቀቱ ከየት መጣ?

ጋሼን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ "የምትሞቀው የት የት ነው?" ትንሽ አሰቡና "እንዲህ ስንቆም ነው። ቀለበት መንገድ ላይ መንገዱ ሲከፈትልኝ ትወርዳለች" አሉ።

መልሱ እኮ እዚሁ ውስጥ ነበር። መንገድ ተዘግቶ ቆማ የምትሞቅ፣ ስትሮጥ የምትቀዘቅዝ መኪና ብዙ ጊዜ ችግሯ አየር ነው። ስትሮጥ ነፋሱ በራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል። ስትቆም ግን ያንን ሥራ መሥራት ያለበት ፋኑ ነው። ፋኑ ካልዞረ ወይም ከደከመ ውሃውን በየትኛውም ፓምፕ ብታመላልሱት ሙቅ ውሃ በሙቅ ራዲያተር ውስጥ መዞሩ ነው።

በተቃራኒው ዳገት ላይ የምትሞቅ መኪና አለች። ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን የወጣ ሰው ያውቃል፤ ኮፈናቸውን ከፍተው፣ ጀሪካን ይዘው በየጥጉ የቆሙ መኪኖች አይጠፉም። እዚያ ላይ ፓምፑ ነው ማለት ይከብዳል። በከባድ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ በፍጥነት ስለሚዞር ከእሱ ጋር የታሰረው ፓምፕም በኃይል እየገፋ ነው። ቅጠሉ ካልተበላ በቀር ማለት ነው። እዚያ ላይ የሚጠረጠረው በዝቃጭ የተደፈነ ራዲያተር ነው። ውሃው የት እንደሚሄድ ሳይታወቅ የሚጎድል ከሆነና ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የሚታይ ከሆነ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይነካ አልቀረም።

ሌላም አለ፤ እኛ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፍተው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ክፍተት 10 ዲግሪ ብቻ ናት። ከመፍላት የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ ግፊቱን አምቆ ይዞ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ የሚያደርሰው እሱ ነው። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግፊት አይዝም። ያኔ ጤነኛ ሞተርም ይፈላል። ከመኪናዋ ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ክዳኑ ነው፤ ቀድሞ የሚያየው ግን የለም። (ለማየት ስትከፍቱት ሞተሩ ይቀዝቅዝ። በግፊት የታመቀ የፈላ ውሃ ፊት ላይ ሲፈነዳ ያየ ሰው ሁለተኛ አይቸኩልም።)

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም እንደ መድኃኒት ተለምዷል። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፍት በሌላኛው ጫፉ ወደ ራዲያተር ሳይሄድ የሚዞረውን አቋራጭ መስመር ይዘጋል። እሱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የውሃው ከፊል ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ለሙቀት ተብሎ የወጣው ቴርሞስታት ሙቀት ይጨምራል ማለት ነው። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉታል ይህንን።

▪️ ቢገጠምስ?

ይገጠም እንበል። በቂ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ 10 አምፔር ገደማ ይስባል። ያ ኃይል ከሰማይ አይወርድም፤ ከዲናሞው ነው የሚመጣው፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ያው ሞተር ነው። ዲናሞው የደከመ አሮጌ መኪና ላይ ማታ መብራት፣ መጥረጊያና ፋን ሲደመሩበት ባትሪው ይዳከማል።

ፓምፑ ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ የሚወስን መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። ፋንን በቀጥታ ከቁልፍ ጋር ማገናኘት በለመድንበት አገር ፓምፑም በቀጥታ እንደሚገናኝ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ያኔ ሞተሩ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ይውላል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ አበላሸቱ ነው። በቺንጋ የሚሠራው ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ከመሞቱ በፊት ይናገራል፤ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ኩሺኔታው ይጮኻል። የኤሌክትሪኩ ግን አንዲት ፊውዝ ወይም አንድ የላላ ሽቦ በዝምታ ያቆመዋል። ፋብሪካ በገጠማቸው መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ይህን አይቶ ያስጠነቅቃል። በእጅ በተገጠመበት መኪና ላይ ግን ሾፌሩ የሚያውቀው ቀስቱ ቀዩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፤ እሱም ቀስቱን እያየ ከሆነ።

▪️ ታዲያ ለምን ፓምፕ እንቀይራለን?

እዚህ ላይ መካኒኩን ሌባ ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ጥፋቱ በዋናነት የእኛ የባለቤቶቹ ይመስለኛል።

ጋራዥ ሄደን የምንከፍለው ለተገጠመ ዕቃ ነው። መካኒኩ አንድ ሰዓት ቆሞ ግፊት ለክቶ፣ ፋኑ መነሳቱን አይቶ፣ ክዳኑን ፈትሾ "ዕቃ መቀየር አያስፈልግም፤ የማየቴን ክፈል" ቢለን ምን እንላለን? "ለማየት ብቻ ይከፈላል እንዴ?" ሐኪም ዘንድ ለካርድና ለምርመራ ያለ ጭቅጭቅ የምንከፍል ሰዎች ለመኪና ምርመራ ስንባል የተዘረፍን ይመስለናል። መካኒኩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ገቢውን የሚያገኘው ከግምት ነው፦ አንድ ዕቃ ይቀይራል፤ ካልሆነ ሌላ ይቀይራል። ለምርመራ አንከፍልም ያልነውን ገንዘብ ሶማሌ ተራ ሄደን ሦስት አራት እጥፍ አድርገን ለማያስፈልግ ዕቃ እንከፍላለን።

ይህ ልማድ ድሮም ውድ ነበር፤ አሁን ደግሞ የባሰ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን ላይ እንደደረሰ መናገር አያስፈልግም። የፖሊሲው ዓላማ ላይ መከራከር ይቻላል፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። እጃችን ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ከታሰበው በላይ ዓመታት መሥራት አለባቸው። ስንት ቤተሰብ በእነሱ ይበላል። መንግሥት ስለሚገቡት መኪኖች ብዙ ያወራል፤ ስላሉት ጥገና ግን ሲያወራ አልሰማሁም። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች መፍታትና መግጠም ብቻ ሳይሆን መለካትን ዋና ትምህርት ቢያደርጉ፣ ጋራዦች የምርመራ ዋጋቸውን በግልጽ ቢለጥፉ፣ ለአገር የሚያተርፈው የውጭ ምንዛሪ ቀላል አይደለም።

"አሮጌው አልቆ ኤሌክትሪክ መኪና ሲሞላ ይህ ሁሉ ይቀራል" የሚል ካለ፣ አይቀርም። የኤሌክትሪክ መኪናም ባትሪውንና ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ውሃና ፓምፕ አለው፤ ፓምፑም ኤሌክትሪክ ነው። ቪትዝ ላይ በግምት ዕቃ የሚቀይር ጋራዥና ምርመራ የማይከፍል ባለቤት ነገ እዚያም ላይ ይገናኛሉ። ልዩነቱ እዚያ የግምቱ ዋጋ ባትሪ ሊያክል መቻሉ ነው።

ከሳምንት በኋላ ለጋሼ ደወልኩላቸው። ወደ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሄደው አስፈትሸዋል። ፋኑ አንድ ቀን ይነሳል፣ አንድ ቀን አይነሳም ነበር፤ የሞተሩ ካርቦን አልቋል። ቴርሞስታትም መልሰው አስገብተዋል። "ሰውዬው ለማየቱ ብቻ አስከፈለኝ፤ ተጨቃጨቅኩት" አሉኝ።

"ከፈሉት?" አልኳቸው።

"ከፈልኩት። በኋላ ሳስበው ከሁለቱ ፓምፖች ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።"

የዕቁቡ ብር ለልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ሆኗል።