ጥም መድኃኒት አይደለም

ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ አዝላ ከአንኮበሯ ጎረቤላ ደብረ ብርሃን፣ ሲያስፈልግም አዲስ አበባ ድረስ የምትሄድ እናት በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ የሚነገራት ቃል አጭር ነው፤ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይቀምስ!» ተራው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከደረሰው ሕፃኑ 14 ሰዓት ሙሉ ጠብታ ውሃ ሳያገኝ ዋለ ማለት ነው። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወጣ ደግሞ ዘመድ ይቀበለዋል፤ «ውሃ እንዳትሰጪው፣ ቁስሉ ያመረቅዛል።» ልጁ ምላሱን እያወጣ የተሰፋውን ከንፈሩን ይልሳል። ያለቅሳል፤ እንባ ግን የለውም። እናቱ «ቻለው የኔ ጌታ» ትለዋለች። ይህን ማስቻል ከሕክምናው እንደ አንዱ መቁጠራችንን አጥብቄ እቃወማለሁ።

የሌሊት 6 ሰዓቱ ትእዛዝ መነሻው እውነተኛ ስጋት ነው። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ቢያስመልሰው ትውከቱ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ኩርቲስ ሜንደልሰን የተባለ የኒውዮርክ የማህፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣው ጽሑፍ፣ ከ44,016 ነፍሰ ጡሮች መካከል በ66ቱ ላይ ይህ እንደደረሰ ገለጸ። የሞቱት ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም የታነቁት በጠጣር ምግብ ነው። ጥንቃቄው እየሰፋ ሲሄድ ግን ውሃና እንጀራ አንድ ላይ ተከለከሉ። ዛሬ የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ማደንዘዣው ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ንጹሕ ውሃ ይፈቅዳል፤ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ የላም ወተትና ቀለል ያለ ምግብ 6 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል። ታዲያ ለሁሉም አንድ የሌሊት ሰዓት መንገር ለሥራ ያመች ይሆናል እንጂ ለልጁ አይበጅም። ጠዋት ተራው ሲታወቅ «እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ውሃ ስጪው» ማለት ምን ያህል ይከብዳል?

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አፍ የሚደርቅበት ምክንያት ብዙ ነው። እንደ አትሮፒን ያሉ መድኃኒቶችና እንደ ሞርፊን ያሉ ማስታገሻዎች ምራቅ ይቀንሳሉ። ልጁ አፍንጫው ስላበጠ በአፉ ይተነፍሳል። ከዚያ ወደ አንኮበር ደጋ ሲመለስ የኅዳርና የጥር ውርጭ፣ ደረቅ ነፋስና የምድጃ ጢስ ይጠብቁታል። መግል የሚያመጣው ጀርም እንጂ የሚጠጣ ውሃ አይደለም። እንዲያውም አፍን የሚያጥበው ምራቅ ሲነጥፍ ጀርሙ ይራባል፣ ከንፈር ይሰነጣጠቃል፣ የደረቀው ቅርፊት ስፌቱን ይስባል። «ውሃ ያመረቅዛል» የሚለው ምክር የሚፈራውን ነገር ራሱ ይጠራል።

ጡት መከልከሉ ደግሞ ከሁሉ ያሳዝነኛል። «ሲጠባ ስፌቱ ይበጠሳል» ይባላል። የጡት ማጥባት ሕክምና መመሪያዎች ግን ከንፈሩ የተጠገነ ሕፃን በደንብ ከነቃ ወዲያው ሊጠባ እንደሚችል ያስቀምጣሉ። ላንቃው አብሮ ከተሠራ ነገሩ ሌላ ነው፤ የቀዶ ሐኪሙ ቃል ይከበር። ያልነቃ፣ የሚያስመልሰው ወይም መዋጥ የሚያቅተው በሽተኛም አይጠጣ። የምሟገተው ነቅቶ ውሃ ለሚለምነው ነው።

አዋቂዎችም ከንፈራቸውን ተሠርተው ሲመለሱ በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ፤ የሚመሰገኑበትም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀላለች፤ የንስሐ አባትን መጠየቅ ነው። ቁርኣንም በረመዳን ለታመመ ፈቅዷል። ጥሬ ቅቤ ስፌት ላይ መለቅለቅና ምራቅ እንዲመጣ ሎሚ ማስመጠጥም ይቅሩ፤ ቅቤው ንጹሕ አይደለም፣ ሎሚው ያቃጥላል።

የነቃ በሽተኛ ቀና ብሎ ይቀመጥና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በየ10 እስከ 15 ደቂቃው በሻይ ማንኪያ ይጎንጭ፤ በስትሮ መሳብ ግን ስፌቱን ስለሚወጥር ይቆየው። ሲለምድ ለብ ያለ ቀጭን አጥሚት ወይም የተልባ ውሃ ይከተላል፤ ትኩስ ነገር የደነዘዘ ከንፈርን ሳያሳውቅ ያቃጥላል። በንጹሕ ውሃ የራሰ ጎዝ ከንፈሩ ላይ ማሳረፍ፣ ሐኪሙ ከፈቀደም በታጠበ እጅ ስስ ቫዝሊን መቀባት ይቻላል። ሆስፒታሎቻችንም መውጫ ወረቀቱ ላይ «ምንም አይቅመስ» ብለው አይተዉት፤ ውሃ የሚጀመርበትን ሰዓት፣ ጡት የሚጀመርበትን ሰዓት፣ እናቲቱ ልታነበው በምትችለው አማርኛ ይጻፉላት። ማንበብ የማትችል ከሆነች ከሆስፒታል ሳትወጣ ነርሷ በቃል ታስደግማት።