የካምቢዮ ኮምፒውተር ከመቀየሩ በፊት

ኦቶማቲክ ካምቢዮ በተገጠመለት ዘመናዊ መኪና ማርሽ መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው የማርሽ መቆጣጠሪያ ሞጁል፣ በጋራዥ አነጋገር የካምቢዮ ኮምፒውተር፣ የሚባለው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ከፍጥነት ሴንሰሮች፣ ከነዳጅ ፔዳሉና ከሞተሩ ኮምፒውተር የሚደርሰውን መረጃ ያለማቋረጥ እያነበበ፣ ሶሌኖይድ ለሚባሉትና በኤሌክትሪክ ለሚከፈቱት የዘይት ቫልቮች ትእዛዝ ይሰጣል፤ ሶሌኖይዶቹም ግፊት ያለውን ዘይት በካምቢዮው ውስጥ ወዳሉት ፍሪሲዮኖች እየመሩ አንዱን ማርሽ ያስይዛሉ፣ ሌላውን ያስለቅቃሉ። ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ከመታ፣ ከተንሸራተተ ወይም በአንድ ማርሽ ላይ ከቀረ ይህ ሣጥን ቢጠረጠር ተገቢ ነው። ተገቢ ያልሆነው ጥርጣሬው ሳይጣራ ወደ ግዢ መቸኮሉ ሲሆን፣ ብዙ ባለመኪኖች ውድ ዕቃ ገዝተውና አስገጥመው ያው ችግር ተመልሶ የሚመጣባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ጄኔራል ሞተርስ ለእ.ኤ.አ. 1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ያቀረበውና በብዛት ከተመረቱት ሙሉ ኦቶማቲክ ካምቢዮዎች የመጀመሪያው የሆነው ሃይድራማቲክ፣ ማርሽ የሚቀይረው በዘይት ግፊት፣ በሞላና በቫልቭ ብቻ ስለነበር፣ መካኒኩ ካምቢዮውን ፈትቶ ብልሽቱን በዓይኑ ሊያየውና በእጁ ሊዳስሰው ይችል ነበር። ውሳኔው ወደ ኤሌክትሮኒክስ ከተዛወረ ወዲህ ግን የተቃጠለ ፍሪሲዮን፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ የደከመ ባትሪና የተበላሸ ኮምፒውተር ለነጂው ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩት ይችላሉ። ከዚህም በላይ ኮምፒውተሩ የማያምነው መረጃ ሲደርሰው ካምቢዮውን ከባሰ ጉዳት ለማዳን ሲል መኪናው በአንድ ማርሽ፣ ብዙውን ጊዜ በ2ኛ ወይም በ3ኛ፣ ብቻ እንዲሄድ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ሞጁሉ የተሠራበትን የጥንቃቄ ተግባር በትክክል እየፈጸመ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ሞጁሉ እንደሞተ ይነገረዋል።

የመመርመሪያ ማሽን የሚያወጣው ኮድም በተሳሳተ መንገድ ይነበባል። ከእ.ኤ.አ. 1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሸጡ መኪኖች ግዴታ የሆነው፣ በኋላም በሌሎች አገሮች የተስፋፋው የምርመራ ሥርዓት ለየጉድለቱ ኮድ ሰጥቷል። ከእነዚህ መካከል ፒ0700 የተባለው የሚናገረው የካምቢዮው ኮምፒውተር አንድ ጉድለት አግኝቶ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት እንዲበራ መጠየቁን ብቻ ነው፤ ጉድለቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ ራሱን የካምቢዮውን ኮምፒውተር መጠየቅ የሚችል ማሽን ያስፈልጋል፤ ርካሾቹ ማሽኖች ግን ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ ኮምፒውተር አልፈው አያነቡም። ዩ0101 የሚባለው ደግሞ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከካምቢዮው ኮምፒውተር ጋር መገናኘት እንዳልቻሉ ያመለክታል፤ ምክንያቱ ሞጁሉ ይሁን ሽቦው፣ ፊውዙ ይሁን ባትሪው አይለይም። ሁለቱም ኮዶች ምርመራው ከየት እንደሚጀምር ያሳያሉ እንጂ የሚገዛውን ዕቃ አይጠቁሙም።

ምርመራው መጀመር ያለበት ከኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ይነበብበታል፤ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ኃይል የሚደርሰው ኮምፒውተር በሌለ ጉድለት ኮድ ሊመዘግብ ይችላል። ቀጥሎ የሞጁሉ ፊውዝና የኔጌቲቭ ሽቦ ይታያሉ፤ የኔጌቲቩ ሽቦ የሚለካው ግን መስመሩ ሥራ ላይ ሳለ ሲሆን፣ በሞጁሉ በኩል ባለው ጫፍና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ከ0.1 ቮልት ብዙ የሚያልፍ ልዩነት ከተነበበ የዛገ ወይም የላላ ማሰሪያ አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተራው የግንኙነት መስመሩ ነው። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቀውና ካን የሚባለው ሥርዓት የመኪናውን ኮምፒውተሮች በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ያገናኛል፤ በመስመሩ ሁለት ጫፎችም እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ ሬዚስተሮች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድቡ ዕቃዎች፣ አሉ። በብዙ መኪኖች የባትሪው ሽቦ ተነቅሎ ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት በ6ኛውና በ14ኛው ቀዳዳ መካከል ሲለካ 60 ኦም ገደማ መነበብ አለበት። የሚነበበው 120 ከሆነ መስመሩ አንድ ቦታ ተቆርጧል ወይም በአንደኛው ጫፍ ያለው ሞጁል ከመስመሩ ወጥቷል፤ ወደ 0 ከተጠጋ ደግሞ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ይህ ሁሉ በየጋራዡ በሚገኝ ተራ መልቲሜትር የሚሠራ መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ሞጁል ከማዘዝ የሚቀድም ነገር ሁሉ የውድ መሣሪያ ጥያቄ አይደለምና።

ሶኬት መንቀልና ውስጡን ማየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው መርሴዲስ ቤንዝ ከእ.ኤ.አ. 1996 ገደማ ጀምሮ በብዙ ሞዴሎቹ ላይ የገጠመው ባለ 5 ማርሽ ኦቶማቲክ ካምቢዮ በግልጽ ያሳያል። ከካምቢዮው የሚወጡት ሽቦዎች በአንድ ክብ የፕላስቲክ ማያያዣ በኩል ያልፋሉ፤ ማያያዣውን ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽጉት ኦሪንግ የሚባሉት ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች ሲደርቁ የካምቢዮ ዘይት ወደ ሶኬቱ ይገባል። ዘይቱ መሬት ላይ ብቻ ቢንጠባጠብ ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ ነገር ግን በሽቦው ፕላስቲክ ሥር በመዳብ ክሮቹ መካከል እየተሳበ፣ ከፍ ብሎና ርቆ እስከተቀመጠው ሞጁል ድረስ ይደርሳል። ሞጁሉ ሲነቀል ፒኖቹ በዘይት ርሰው ይታያሉ። ማያያዣውን ሳይለውጥ አዲስ ሞጁል የሚገጥም መካኒክ አዲሱንም ለዚያው ዘይት አሳልፎ ይሰጣል፤ ማያያዣውን ለውጦ ሽቦውንና ሞጁሉን በጥንቃቄ ያጸዳ ግን ብዙ ጊዜ የቀድሞውን ሞጁል ያተርፋል፤ ማያያዣው ደግሞ ከሞጁሉ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ይህ ሲባል ኮምፒውተሩ አይበላሽም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ድረስ የተሠሩት ኦቶማቲክ ቶዮታ ራቭ 4 መኪኖች የካምቢዮ ቁጥጥር ከሞተሩ ቁጥጥር ጋር በአንድ ሣጥን የተዋሐደ ሲሆን፣ ይህ ሣጥን በመበላሸቱ መኪኖቹ ማርሽ ሲቀይሩ ክፉኛ ይመቱ ነበር፤ ችግሩ ሳይታረም ሲቆይም ካምቢዮው ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ ካምቢዮው ብቻ ተለውጦ ኮምፒውተሩ ሲቀር አዲሱ ካምቢዮ ለተመሳሳይ ጉዳት ይጋለጣል። ኩባንያው በአሜሪካ የዋስትናውን ጊዜ ወደ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል፣ ማለትም 240,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራዝሞለታል። በዚህ ታሪክ የተሳሳቱት ኮምፒውተሩን ነጻ ብለው ካምቢዮውን የከሰሱት ነበሩ፤ በመርሴዲሱ ደግሞ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ስሕተቱ በሁለቱም በኩል የሚመነጨው ሳይለኩ ከመወሰን ነው።

ሞጁሉ በእርግጥ መበላሸቱ ከተረጋገጠ በኋላም ሥራው ነቅሎ በመግጠም አያበቃም። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና የወጣ፣ በቅርጹና በሶኬቱ ፍጹም የሚመሳሰል ሞጁል ሊገኝ ይችላል፤ ውስጡ የተጻፈው ፕሮግራም ግን የሌላ ሞተር፣ የሌላ ዲፈረንሻል ወይም የሌላ አገር ገበያ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የዕቃው ቁጥር በትክክል መመሳከር አለበት፤ በብዙ ሞዴሎችም ሞጁሉ ለመኪናው የሻንሲ ቁጥር እንደገና ፕሮግራም መደረግ ይኖርበታል። በፕሮግራሙ ጊዜ ኃይል ከተቋረጠ ሞጁሉ ከጥቅም ውጪ ሊሆን ስለሚችል ባትሪው ቮልቱን ከሚያጸና ቻርጀር ጋር መያያዝ አለበት። በአንዳንድ የቶዮታ ካምቢዮዎች ላይ ደግሞ የዚያን ካምቢዮ ሶሌኖይዶች ጠባይ የሚገልጽ ባለ 60 አሃዝ ኮድ ተለጥፎ ይገኛል፤ ይህ ኮድ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ካልገባ ጤነኛው ካምቢዮ ከጤነኛው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ እንኳ ሊመታ ይችላል። በመጨረሻም አዲሱ ሞጁል የፍሪሲዮኖቹን መጠንና ድካም ገና ስለማያውቅ፣ ዘይቱ ሞቆ በለስላሳ አነዳድ እስኪለምድ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ይህን የማያውቅ ባለቤት በማግሥቱ ወደ ጋራዥ ተመልሶ ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ቀላል አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ማርሽ የሚቀይር ካምቢዮ ስለሌላቸው የወደፊቱ ገበያ ከዚህ ችግር ይድን ይሆናል፤ አሁን በመንገድ ላይ ያሉት ኦቶማቲክ መኪኖች ግን በቀላሉ የማይተኩ በመሆናቸው ለረጅም ዓመታት መጠገን አለባቸው። እንቅፋቱ የመካኒኩ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ የአከፋፈል ልማድም ነው። ባለመኪናው ለዕቃ በቀላሉ ይከፍላል፣ ለመግጠሚያም ይከፍላል፤ ‹ግማሽ ቀን ሽቦ ስለካ ዋልኩ› ለሚል መካኒክ ግን ለመክፈል ያንገራግራል። ልኬት ገንዘብ በማያስገኝበት ሙያ ግምት ቢበዛ ሊያስደንቅ አይገባም፤ የዚህን ልማድ ዋጋም በስተመጨረሻ የሚከፍለው ራሱ ባለመኪናው ነው።

አምራቾችም ከተጠያቂነት አያመልጡም። ፎርድ ፓወርሺፍት ብሎ በፎከስና በፊየስታ መኪኖቹ ላይ የገጠመው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ብዙ ቅሬታ ሲያስነሣ፣ ኩባንያው በአሜሪካ የካምቢዮውን ኮምፒውተር ዋስትና ወደ 10 ዓመት አራዘመ፤ በአውስትራሊያ ግን መኪናው የሚንቀጠቀጠው በአነዳዳችሁ ነው የተባሉ ደንበኞች ነበሩ፤ የአገሪቱ ፌዴራል ፍርድ ቤትም በቅሬታዎቹ አያያዝ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2018 ኩባንያውን 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው። ጠያቂ ተቋም ባለበት አገር የነጂው ቃል ክብደት አገኘ። በኢትዮጵያ ያለው ባለመኪና ያገለገለ መኪና ገዝቶ ከአምራቹ ጋር ምንም ውል ስለሌለው፣ ያለው ጥበቃ ጋራዡ የሚሰጠው ማስረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ጋራዦች የካምቢዮ ኮምፒውተር ይቀየር ከማለታቸው በፊት የባትሪውን ቮልት፣ የኔጌቲቭ መስመሩን ልዩነት፣ የካን መስመሩን ኦም፣ የሶኬቱን ሁኔታና ከካምቢዮው ኮምፒውተር የተነበቡትን ኮዶች በወረቀት ጽፈው ሊሰጡ ይገባል፤ ባለመኪናውም ለዚህ ወረቀት እንደ ዕቃ ሁሉ ዋጋ ሊከፍል ይገባል፤ ወረቀቱን ሳያገኝ ደግሞ ሞጁል ለመግዛት እሺ ሊል አይገባም።