ሊትር ብቻውን አይመሰክርም

ከጅቡቲ የተነሣ የናፍጣ ቦቴ የአፋርን ሜዳ አቋርጦ፣ ሚሌን፣ ባቲንና ኮምቦልቻን አልፎ ደሴ ሲደርስ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ወጥቷል። 40,000 ሊትር በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጭኖ፣ ደሴ ላይ እስከ 15 ዲግሪ ቀዝቅዞ ቢለካ 760 ሊትር ያህል ይጎድላል። ሹፌሩ አንዲት ጠብታ ሳይነካ በሌብነት ሊጠረጠር ይችላል።

ጉድለቱን ያመጣው ከፍታው ይመስል ይሆናል፤ አይደለም። ፈሳሽ በግፊት እምብዛም አይለወጥም፤ የደሴ አየር መሳሳት በዚህ ጭነት ላይ የሚያስከትለው ለውጥ 1 ሊትር እንኳ አይሞላም። ምክንያቱ ሙቀት ነው። የናፍጣ ይዘት በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.083 በመቶ ገደማ ይሰፋል ወይም ይኮማተራል። በሚዛን ቢመዘን ግን አልጎደለም።

ተገላቢጦሹም አለ። በኪዩቢክ ሜትር 840 ኪሎ ግራም የሚመዝን ናፍጣ፣ 800 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ላምባ ጋር ቢቀየጥና ላምባው የቅይጡ አንድ አምስተኛ ቢሆን፣ እፍግታው (ዴንሲቲው) 832 ይሆናል። ንጹሕ ናፍጣም 11 ተኩል ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ይህንኑ ቁጥር ያሳያል። እንግዲህ ቴርሞሜትር ያልያዘ መርማሪ ፀሐይን ከአጭበርባሪ በምን ይለያል?

ሁለተኛው ምስክር ዝልግልግነት (ቪስኮሲቲ) ነው። ናፍጣ ከ40 ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ እፍግታው በ2 በመቶ ገደማ ብቻ ሲጨምር፣ ዝልግልግነቱ ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። የመጀመሪያውን ለውጥ ቀጥተኛ መስመር ይገልጸዋል፤ ሁለተኛው ሎጋሪዝም ይጠይቃል። ላምባ ከናፍጣ የቀጠነ በመሆኑ ቅይጡን ያሳሳዋል። የናፍጣ ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በነዳጁ ስለሆነ፣ የቅይጡን ዕዳ የሚከፍለው የመኪናው ባለቤት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ልኬት ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ቦታ አይታየኝም። ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተራርቀው የከፍታ ልዩነታቸው ከ600 ሜትር ይበልጣል፤ የአየራቸውም ጠባይ የተለያየ ነው። ሃይድሮሜትር፣ ቴርሞሜትር፣ ቀጭን የመስታወት ቱቦና የሰዓት መቁጠሪያ ይበቃሉ፤ በእርግጥ ከእሳት መራቅ ግዴታ ነው። ተማሪዎች በየወሩ ለክተው የሁለቱን ከተሞች ሠንጠረዥ ቢያዘጋጁ፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸው ከመደርደሪያ ወጥቶ ለማደያው ይደርሳል።

«ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ አለ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ብዙ አገሮች ይዘትን ወደ 15 ዲግሪ እየመለሱ ይመዘግባሉ። ሠንጠረዡ የሚጠቅመው ግን ነዳጁ ሲራገፍ ሙቀቱን ለክቶ የሚጽፍ ሰው ሲኖር ነው። በየደረሰኙ ላይ ከሊትሩ ጎን የሙቀቱና የእፍግታው ቁጥር ይስፈር፤ ያን ጊዜ ንጹሑ ሹፌር ማስረጃ ያገኛል፣ ቀያጩም መደበቂያ ያጣል።