የቈየ ጽሑፍና የዘገየ መልስ

ታትሞ በወጣ ጽሑፍ ላይ አንባቢ የሚልከው መልስና እርማት እስከ መቼ ድረስ ሊታተም ይገባዋል? ጥያቄው ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጽሑፉ ከወጣ ከዓመት በኋላ የሚደርሰን ደብዳቤ አለና፥ አንዳንዱን በደስታ ስንቀበለው አንዳንዱን ግን ሳንጨርሰው ወደ ጎን እናኖረዋለን።

የሕግ ሰዎች ለክስ ያበጁት ወሰን ይርጋ ይባላል። ቃሉ «ረጋ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ነገሩ ከእንግዲህ ይርጋ፥ አይናወጥ ማለት ነው፤ አማርኛ የሚማሩ ሹማምንት አንባቢዎቻችን በመዝገብ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያገኙታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሌላ ወሰን ካልተነገረ በቀር፥ ከውል ለሚነሣ ክስ ዐሥር ዓመት ሰጥቷል። ይህ ደንብ ለጽሑፍም ቢሆን ኖሮ ምን ይቀርብን እንደ ነበር ከኻርቱም አንድ ምሳሌ እናምጣ።

በኻርቱም ከ1918 ጀምሮ (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) «ሱዳን ኖትስ ኤንድ ሬኮርድስ» የሚባል መጽሔት ይታተም ነበር። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ በየአውራጃው የተመደቡ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ከተከራከሩበት ነገር አንዱ ሰናር ላይ ከ1504 እስከ 1821 የነገሡት፥ ከኢትዮጵያ ነገሥታት ጋር ሲነግዱም ሲዋጉም የኖሩት ፉንጆች ከወዴት መጡ የሚለው ነው። በ1772 በሰናር ያለፈው ጀምስ ብሩስ ከሺሉክ ወገን ናቸው ብሎ ነበር። በመጽሔቱ ናልደር በ1931 ጻፈ፤ አርክል በ1932 ከቦርኑ መጡ አለ፤ ቻታዌ በ1934፥ ሄንደርሰን በ1935 ተከተሉ። አርክል ግን ከ14 ዓመት በኋላ፥ በ1946፥ በዚያው ነገር ላይ ተጨማሪ ይዞ ተመለሰ። በይርጋ ቢሆን በሩ ከተዘጋ አራት ዓመት ሆኖት ነበር! በ1963ም ሆልት በሌላ መጽሔት የቀደሙትን መርምሮ አዲስ ማስረጃ አቀረበ።

ስለዚህ ወሰኑን በዓመት መቍጠር አይበጅም እንላለን። ሦስተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ የሚደግም ከሆነ በወሩም ቢሆን ይዘጋ። ነገሩን ትቶ ወደ ጸሐፊው ጠባይ የዞረም እንዲሁ፤ ይልቁንም ጸሐፊው ሞቶ መልስ መስጠት የማይችል ሲሆን። የሙት ልጆችም ጋዜጣ ያነባሉ።

አዲስ ማስረጃ ግን ቀን አይቈረጥለትም። በሚያዝያ 2023 በኻርቱም በተነሣው ጦርነት ብሔራዊው ሙዚየም ተዘረፈ፤ ስንቱም ቤተ ሰብ ከነልጆቹ ተሰደደ። በሣጥን ግርጌ የነበረው የአያት ወረቀት ከባለቤቱ ጋር ተሰዶ እንደ ሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ ከወዴት ብቅ እንደሚል ማን ያውቃል? ያን ጊዜ «ጊዜው አልፏል» የሚል አዘጋጅ ቢያጋጥመው እጅግ ያሳዝናል።

ለእኛ የምትጽፉ ሁሉ ጽሑፉ የወጣበትን ቀንና ገጽ፥ ከዚያም የምትጨምሩትን አዲስ ነገር በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ እንድታመለክቱ እንለምናለን። ቁጣውን በመጨረሻ ብታደርጉት፥ ቦታ ሲጠብብን ለመቍረጥ ይቀለናል።