ፈቃዱ የድርጅቱ፣ ብቃቱ የማን? አዲሱ የዱባይ የሥራ ተቋራጮች ሕግና የባለሙያው ወረቀት

የዱባይ ገዥ ሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ አል ማክቱም እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጡት ሕግ ቁጥር 7 በኢምሬቱ የሚሠሩ የግንባታ ተቋራጮችን ወደ አንድ መዝገብ ያስገባል። ሕጉ በነጻ ንግድ ቀጣናዎችና በዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል ውስጥ ያሉትንም ይመለከታል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ መሠረተ ልማት ጋር የተያያዙ ሥራዎች ግን ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። በይፋዊው ጋዜጣ ከታተመ ከስድስት ወር በኋላ በሥራ ላይ እንዲውል የተደነገገ ሲሆን፣ ነባር ተቋራጮች ከዚያ ቀን አንስቶ ራሳቸውን ከሕጉ ጋር የሚያጣጥሙበት የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጥቷቸዋል።

ከዚህ ሕግ በፊትም ዱባይ ውስጥ ያለ ፈቃድ መገንባት አይቻልም ነበር። አዲሱ ነገር ተበታትኖ የነበረው መረጃ በማዘጋጃ ቤቱ ሥር በሚተዳደርና «ኢንቨስት ኢን ዱባይ» ከተሰኘው መድረክ ጋር በተሳሰረ አንድ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ መሰብሰቡ ነው። እያንዳንዱ ተቋራጭ በገንዘብ፣ በቴክኒክና በአስተዳደር አቅሙ ተመዝኖ ደረጃ ይሰጠዋል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የደረጃ ነገር እንግዳ አይደለም፤ በአገር ቤት ሥራ ተቋራጮች ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 10 ሲመደቡ ኖረዋል። በዱባይ ከተሰጠው ደረጃ በላይ የሆነ ሥራ መውሰድ ተከልክሏል። ጨረታውን በዝቅተኛ ዋጋ አሸንፎ፣ ሥራውን ቆራርሶ ለሌሎች የሚያከፋፍል፣ እነዚያም በተራቸው ለሌሎች የሚያስተላልፉበት ሰንሰለት በባሕረ ሰላጤው አገሮች የግንባታ ዘርፍ የቆየ ሕመም ነው። በሰንሰለቱ ጫፍ ሽቦ የሚዘረጋው ሰው የዋናውን ተቋራጭ ስም የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ በአጥሩ ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ነው።

ሕጉን የሚተላለፍ ከ1,000 እስከ 100,000 ድርሃም ይቀጣል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥፋቱን ከደገመ ቅጣቱ እስከ 200,000 ድርሃም ሊደርስ ይችላል። ዜናውን የዘገቡ መገናኛ ብዙኃን ትኩረታቸውን የሳበው ይህ አኃዝ ነበር። ይሁንና ለትልቅ ተቋራጭ 100,000 ድርሃም አንድ ሰፊ የመሠረት ሙሌት ከሚፈጀው የኮንክሪት ዋጋ እምብዛም አይበልጥም። ጥርስ ያላቸው ድንጋጌዎች ሌሎቹ ናቸው፦ እስከ አንድ ዓመት ከሥራ መታገድ፣ ከደረጃ ዝቅ መደረግ፣ ከመዝገብ መሰረዝና የንግድ ፈቃድን ማጣት። ከእነዚህም ጋር በጥቂቱ ብቻ የተወራለት አንድ ነጥብ አለ። ቅጣቱ ድርጅቱን አልፎ የቴክኒክ ሠራተኞቹን ያገኛል፤ ከምዝገባ ሊታገዱ ወይም ሊሰረዙ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫቸውም ሊነጠቅ ይችላል።

ይህ አካሄድ ከቀድሞው የተጠያቂነት ሐሳብ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአረብ ኢምሬትስ የፍትሐ ብሔር ግብይት ሕግ ሕንፃ በሙሉ ወይም በከፊል ቢፈርስ፣ ወይም ደኅንነቱን የሚያሰጋ ጉድለት ቢገኝበት፣ ተቋራጩንና ንድፉን ሠርቶ ግንባታውን የተቆጣጠረውን መሐንዲስ ለ10 ዓመት በጋራ ተጠያቂ አድርጓል። ያ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ካሣ ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ ደግሞ ከሌላው የግንባታ ሥራ ይልቅ ለዓይን የተሰወረ ነው። ከሚሸከመው ጭነት የቀጠነ ሽቦ፣ ያልጠበቀ ማያያዣ ወይም ያልተገናኘ የመሬት መስመር ከልስኑ ጀርባ ተደብቆ፣ ቤቱ ተሸጦ፣ ተከራይ ከገባ በኋላ፣ በበጋው ሙቀት የአየር ማቀዝቀዣዎች ሁሉ በአንድነት ሲሠሩ ነው የሚታወቀው። ሕንፃውም አልፈረሰም፤ ግን ተቃጥሏል። እንዲህ ላለው አደጋ መፍትሔው ሽቦውን የሚነካውን እጅ አስቀድሞ መመዘን ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ቃላቱ ራሳቸው የሚናገሩት አለ። ዓረብኛው «ሙቃዊል» የሚለው ከንግግር፣ ከ«ቀውል» ነው፤ ከአማርኛው «ቃል» ጋር አንድ ሥር አለው። አማርኛው «ተቋራጭ» ደግሞ ዋጋ ከመቁረጥ የመጣ ነው። ሁለቱም ስሞች ስለ ስምምነቱ እንጂ ሥራውን በእጁ ስለሚሠራው ሰው አንዳች አይሉም። የፈቃድ ሕጎችም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበሩ።

ከዚህ በተቃራኒ ያለውን መንገድ ለማየት የአሜሪካዋ ቴክሳስ ጥሩ ምሳሌ ናት። እዚያ ጠቅላላ ሥራ ተቋራጭ የክፍለ ግዛት ፈቃድ አይጠየቅም፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ግን ይጠየቃል። ተለማማጁ በዋና ባለሙያ ሥር 8,000 ሰዓት መሥራቱን አስመስክሮ ፈተና ካለፈ ወደ ቀጣዩ እርከን ያልፋል፤ ዋና ባለሙያ ለመሆን 12,000 ሰዓት ያስፈልገዋል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ለሠራተኛው ነው፤ አሠሪ ቢቀይርም አብሮት ይሄዳል።

ሳዑዲ ዓረቢያም ወደ ሰውዬው ፊቷን አዙራለች። እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረችው የሙያ ፍተሻ መርሐ ግብር የኤሌክትሪክ ሠራተኛውንና ቧንቧ ሠራተኛውን ከቀደምቶቹ ተፈታኞች መካከል አድርጎ በጽሑፍም በተግባርም ይመዝናል። በ2025 ደግሞ የውጭ አገር ሠራተኞች የሥራ ፈቃድ ከፍተኛ ክህሎት፣ ክህሎት ያለውና መሠረታዊ በሚል በሦስት ተከፍሏል።

ለኢትዮጵያውያን ጥያቄው የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ተጓዡ ለሚሰማራበት ሥራ የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ይጠይቃል። ሥልጠናው ግን ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በቤት ውስጥ ሥራ ላይ ስለነበር ወደ ግንባታ የገቡት ወንዶች ሙያውን የተማሩት በአብዛኛው እዚያው በሥራው ላይ፣ ከቀደማቸው ሰው እጅ ነው። በየመን በኩል የተሻገሩት ደግሞ ከነጭራሹ ወረቀት የላቸውም። መኖሪያ ፈቃዱ ላይ «ዓሚል»፣ ማለትም ሠራተኛ፣ ተብሎ የተጻፈ ሰው የማከፋፈያ ሳጥን ሲያገጣጥም ዓመታት ቢያስቆጥርም በመዝገቡ ፊት መሠረታዊ ሠራተኛ ነው። ለአሠሪው ይህ ርካሽ ጉልበት ነበር። የቴክኒክ ሠራተኛው ስም በሚቆጠርበት አሠራር ግን ያልተመዘገበ እጅ ማሠራት ለድርጅቱም አደጋ ይሆናል፤ ድርጅቱ ሰውየውን ወይ ያስፈትነዋል፣ ወይ ያሰናብተዋል። የትኛው እንደሚቀል መገመት አያዳግትም።

በአረብ ኢምሬትስ የሠራተኛው እጅ ላይ ያለ አንድ መብት አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የፌዴራል የሥራ ግንኙነት ሕግ ቁጥር 33 ውሉ ሲያበቃ ሠራተኛው ከጠየቀ አሠሪው ያለ ክፍያ የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንዲሰጠው ያስገድዳል፤ ደብዳቤው ሥራ የጀመረበትንና ያቆመበትን ቀን፣ የሥራ መደቡን ወይም የሥራውን ዓይነት መግለጽ አለበት። አስቸጋሪው «ወይም» የምትለዋ ቃል ናት። የሰው ኃይል ክፍሉ መደቡን ከውሉ ላይ ገልብጦ «ረዳት» ብሎ ከጻፈ ሕጉን አልጣሰም፤ በአንድ ዓመቱ የማስተካከያ ጊዜ ውስጥ ለፈተና የሚቀርበው ባለሙያ ግን የዘረጋው ሽቦ ሁሉ ከወረቀቱ ላይ ጠፍቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት የሥራው ዓይነት በዝርዝር እንዲገባ መጠየቅ፣ ከተቻለም ውሉ በሚታደስበት ወቅት መደቡን ማስቀየር ይኖርበታል።